ጠርሙስ ይዘን ወደ ምንጭ የወረድን ጊዜ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነጭ ጋዋኔን ተኩሼ፣ ጸጉሬን ጠቅልዬ፣ ማይክሮስኮፕ ፊት የምቀመጥ መስሎኝ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ኃላፊ አቶ መክብብ ቁምሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና የቆሸሹ ስላይዶች የሞሉበት ሳፋ ፊቴ አስቀመጠ። «ዓይንሽን ከማመኔ በፊት እጅሽን ልየው» አለኝ። የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ ጣት ያደርቃል። እስከ ምሳ ድረስ ሳጥብ ዋልኩ። እሱ እያንዳንዱን ስላይድ ወደ መስኮቱ አንስቶ ያይና ያልጣመውን ወደ ሳፋው ይመልሰዋል።

ማይክሮስኮፑን የነካሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጡረታ እስክወጣ አልተለየሁትም። ሰገራ፣ አክታ፣ ከአሊዩ አምባ ቆላ የሚመጣ የወባ ደም፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል። ነርስ አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ማረሙ ሲሰለቸኝ ተውኩት።

ጡረታ ወጥቼ ቤት መዋል አልሆነልኝም። አንድ የግል ክሊኒክ ሲዘጋ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ገዛሁና የግቢዬን ሰርቪስ ክፍል አጸዳሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ባዮሎጂ የሚወድ የሰፈር ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ፤ የቤቱን እርሾ፣ እርጎውን፣ የዳቦውን ሻጋታ ይዞ ይምጣ፤ አብረን እንየው።

መጀመሪያ የመጣችው ሐያት ናት። የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ በባዮሎጂ ተመርቃ ሥራ ስታጣ ደብረ ብርሃን ካለችው አክስቷ ጋር ቅመም ትሸጥ ነበር። ቀጥሎ ፍሪጅ ጠጋኙ ታደለ መጣ። መጨረሻ ላይ ደረጀ ተጨመረ። ደረጀ ከወለጋ ተፈናቅሎ ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ የሚኖር ሰው ነው፤ እዚያ አገሩ ሳለ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር።

ጎረቤቴ በአጥር በኩል «የማን ማኅበር ነው፣ ሲስተር? የማርያም ነው የሚካኤል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የባዮሎጂ ነው» አልኳት።

ሐያት በሂጃቧ ስትገባ አይታ ኖሮ ፊቷን አጨማደደች። «ክርስቲያኑም እስላሙም በር ዘግቶ የሚሰበሰብበት ምን ዓይነት ማኅበር ነው?» አለች። በሩን የምንዘጋው ለብርዱና ለአቧራው ነበር። ነገርኳት፤ አላመነችኝም።

ወሬው ሳይቀድመኝ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። የጸጥታ ኃላፊው አቶ ግርማ ወንበር ሰጠኝና እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ባዮሎጂ ማለት ያ ትምህርት ቤት የምንማረው ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«ታዲያ ተምረው ጨርሰው የለም እንዴ?»

ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። «ፖለቲካ የለበትም?» አለ። የለበትም አልኩ። «እናያለን» አለኝ። አልፈቀደም፣ አልከለከለምም።

ዕቃችን ትንሽ ነበር። ጠርሙስ የምንቀቅልበት ፕሬዠር ኩከር፣ ያገለገሉ የሽሮፕ ጠርሙሶች፣ አልኮል፣ ጥጥ። ታደለ ከፎም ሳጥን፣ ከአምፖልና ከአሮጌ የውሃ ማሞቂያ በነቀለው የሙቀት መቆጣጠሪያ የማሞቂያ ሳጥን ሠራልን። ባክቴሪያ ሙቀት ይፈልጋል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠረጴዛ ላይ ብንተወው አያድግም።

ከሁሉ የወደድነው የውሃ ምርመራው ነው። ባክቴሪያ የሚመገበውን ነገርና ብረት ያለበት ጨው የነከርንበትን ወረቀት በተቀቀለ ጠርሙስ ውስጥ እናስቀምጣለን። ውሃው ይጨመርበትና ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ከሰገራ የሚመጡ ባክቴሪያዎች ካሉበት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣሉ፤ ጋዙ ብረቱን ሲያገኘው ውሃው ጥቁር ይሆናል። ከሌሉበት ውሃው ባለበት ይቆያል። ለማንበብ ዓይን ብቻ ይበቃል።

አንዲት የጎረቤላ ከተማ አስተማሪ የትምህርት ቤታቸውን ውሃ እንድናይላት ለመነችንና ከሐያት ጋር ሄድን። ስንመለስ ኬላ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ወታደሩ ቦርሳዬን ከፍቶ ጠርሙሶቹን አየ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ «ጠበል ነው በይው» አለችኝ። ሐያት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ለምርመራ የተቀዳ ውሃ ነው» አልኩት።

«ምን አለበት?»

«ምን እንዳለበት ገና አላወቅንም።»

«እንግዲያው ይጠጡት፣ እናቴ።»

«አልጠጣውም። ንጹሕ አይመስለኝም፤ የምመረምረውም ለዚህ ነው።»

የባሰ ተጠራጠረ። አንድ በአንድ ከፍቶ መንገዱ ላይ ደፋቸው። ባዶ ጠርሙስ ይዘን ገባን፤ አስተማሪዋንም ሌላ ቀን እንመለሳለን ብዬ በስልክ አጽናናኋት።

የደረጀ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጠለያው ያሉ ሕፃናት ተቅማጥ እየያዛቸው ነበር። ከመጠለያው በታች አንዲት ምንጭ አለች፤ ውሃ የሚያመጣላቸው ቦቴ ሲቀር ሴቶቹ ከእሷ ይቀዳሉ። ሐያትና ደረጀ ወርደው ቀዱ። ሳጥኑን ስንከፍተው ጠርሙሱ ከሰል መስሏል። ክፍሉ ሸተተ።

«በአንድ ጠርሙስ አንናገርም። ደግመን እንቅዳ። ሁለተኛውም ከጠቆረ ለጤና ጣቢያው እንነግራለን» አልኩ። ሁሉም ተስማሙ።

ለሁለተኛው ጊዜ ሐያት ብቻዋን ወረደች። ደረጀ ከመጠለያው መጥቶ ምንጩ ጋ ሊያገኛት ነበር የተቀጣጠሩት። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ። ደረጀ ነው። «ሲስተር፣ ቶሎ ይምጡ። ሐያትን ይዘዋታል። ምንጩን መርዛለች እያሉ ነው።»

ብቻዬን ብሄድ እኔም እንደምጨመር ገባኝ። ቀጥታ ቀበሌ ሮጥኩ። አቶ ግርማ ሁለት ሚሊሻ አስከትሎ አብሮኝ ወረደ።

ሐያት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ሴቶችና ጎረምሶች ከበዋታል። አንዱ ጠርሙሶቿን በፌስታል ይዞ ያሳያል። «ከቅድም ጀምሮ የምትጎነጉነውን አይተናል! ስትጨምርበት ነው የደረስነው!» ይላል። የሐያት ከንፈር እርጥብ ነበር። ደረጀ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ይለምናል፤ የሚሰማው አልነበረም።

«ጠጪ አሉኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ወላሂ፣ ምን ላድርግ? ጠጣሁ።»

መጠጣቷም አልረዳትም። እምቢ ብትል መርዝ ነው ሊሉ ነበር፤ ስትጠጣ ደግሞ ማርከሻ አላት አሉ። አቶ ግርማ እጇን ይዞ ከመካከላቸው አወጣት። ጠርሙሶቹን ተረከበ። እዚያው ቆሞ ወደ እኔ ዞረና «የክፍሉን ቁልፍ ይስጡኝ፣ ሲስተር» አለ። ሰጠሁት።

ሐያት በማግስቱ ታመመች። አክስቷ ቤት ልጠይቃት ስሄድ በሩ ላይ አቆሙኝ። አክስትየው «ልጃችንን ምን ውስጥ ነው የከተትሻት?» አለችኝ። ከበሩ ተመለስኩ።

ታደለ ጥፋቱን ደረጀ ላይ ጣለ። «ያ ሰውዬ ጠርሙሶቹን በስልኩ ሲያነሳ አይቼዋለሁ። ለማን ነው የሚልከው? ማን እንደላከውስ እናውቃለን?» አለኝ። ፎቶ ማንሳቱን እኔም አይቻለሁ። ምንም አልመሰለኝም ነበር። ያን ቀን ግን ደረጀን አስጠርቼ ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

አልካደም። «ጥቁሩን ጠርሙስ ፎቶ አንስቼ ለሁለት እናቶች አሳየሁ። ልጆቻቸው ሲዝለፈለፉ እያየሁ ሁለተኛው ጠርሙስ እስኪደርስ ልጠብቅ? ውሃው ተበክሏል፣ ልጆቻችሁን አታጠጡ አልኩ። ይኸው ነው።»

የሆነው ይኸው ነበር። «ተበክሏል» ያለው ቃል ድንኳን ከድንኳን ሲሻገር «ተመርዟል» ሆነ። ተመርዟል የሚል ሰው መራዡን ይፈልጋል። ጠርሙስ ይዛ የመጣች እንግዳ ሴት አገኙ። ደረጀን ልቆጣው አስቤ አልቻልኩም። «በአንድ ጠርሙስ አንናገርም» ያልኩት እናቶቹን ሳላይ ነበር።

አቶ ግርማ ቢሮ ስገባ ጠርሙሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። «ያመንኩዎት እንዳይመስልዎት፤ እስር ቤት ያላስገባሁዎት ጡረተኛ ስለሆኑ ነው» አለኝ።

«አይመኑኝ። ምርመራውን እርስዎ ያድርጉት። የመጠለያውን ሰው ይጥሩ፤ እኔ ምንም ነገር አልነካም» አልኩት።

ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ «እሺ» አለ።

አቶ ግርማ ክፍሌን ከፍቶ የማሞቂያ ሳጥኑንና የተዘጋጁትን ጠርሙሶች አስመጣ። የቀበሌው ግቢ ሞላ። ከመጠለያው በኩል ከፊት የቆሙት እማማ ጥሩነሽ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ከታመሙት አንዱ ነው። ምርመራውን ሳስረዳ አቋረጡኝ።

«ጠርሙሱን ቀድመሽ ምን እንደቀባሽው በምን እናውቃለን፣ ልጄ?»

«እውነትዎን ነው። ከጠርሙሶቹ ውስጥ የፈለጉትን እርስዎ ያንሱ» አልኳቸው።

ሦስት መረጡ። ከቀሚሳቸው ጫፍ ክር መዝዘው በሦስቱም ላይ የተለያየ ቋጠሮ አሰሩ፤ ቋጠሮውን እሳቸው ብቻ ያውቁታል። አቶ ግርማ ራሱ ከምንጩ ቀድቶ አንዱን ሞላ። እማማ ጥሩነሽ ከዚያው ውሃ በራሳቸው ድስት አንተክትከው፣ ከድነው አቀዝቅዘው፣ ሁለተኛውን ሞሉ። ሦስተኛው ውስጥ ከሱቅ የተገዛ የታሸገ ውሃ ገባ። የታደለን ሳጥን አቶ ግርማ ቢሮው ውስጥ ሰካና ክዳኑን በወረቀት አሽጎ ማኅተም መታበት። መብራት እንዳይጠፋ ስጸልይ ሰነበትኩ።

የሚከፈትበት ቀን ሐያትም መጣች። ከስታለች። አክስቷ ክንዷን ይዛ ቆማለች።

አቶ ግርማ ማኅተሙን ለሕዝቡ አሳይቶ ቀደደው። አንዱ ጠርሙስ ጠቁሯል፤ ሁለቱ እንደነበሩ ናቸው። እማማ ጥሩነሽ ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። ጥቁሩን፣ ከምንጩ እንዳለ የተቀዳውን፣ አንስተው ክዳኑን ከፈቱና አሸተቱት። ፊታቸውን አዞሩ።

«ልጄን ያጠጣሁት ይኸንን ነው?»

 ሐያት አንገቷን ደፋች፤ እሷም ጠጥታዋለች።

«ታዲያ ማን ነው የጨመረው?» አሉ ቀጥለው።

«የጨመረ ሰው የለም፣ እማማ። ከምንጩ ሽቅብ ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ታች እየሰረገ ይመስለኛል። ልጆቹን ያሳመመው እሱ ብቻ ነው ማለት ግን አልችልም፤ ይህ ምርመራ እዚያ ድረስ አይናገርም።»

ዓይናቸውን አጠበቡ። «እንግዲህ ጥፋቱ ወደ እኛ ዞረ በይኛ።»

«ጉድጓዱ የት እንደሚቆፈር የመረጣችሁት እናንተ አይደላችሁም» አልኩ። አቶ ግርማ መሬት መሬት አየ።

ያ ጉድጓድ ተደፍኖ ሌላ ቦታ ተቆፈረ። ምንጩ ታጥሮ ቧንቧ ገባለት። ደግመን ስናየው አልጠቆረም። የልጆቹ ተቅማጥ ቀንሷል ይላሉ፤ እኔ አልቆጠርኩም። የእማማ ጥሩነሽ የልጅ ልጅ ድኗል። ሐያትን ጠጪ ያሏት ጎረምሶች ይቅርታ አልጠየቋትም። ታደለ ሳጥኑን ትቶልን ከማኅበሩ ወጣ፤ ደረጀ እስካለ አልመለስም ብሏል። ጎረቤቴ ዛሬም በአጥሩ ታያለች።

ቁልፌን ሲመልስልኝ አቶ ግርማ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ። «አሁንም አይገባኝም፤ ግን አየሁት።»

እማማ ጥሩነሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሻይ ብሰጣቸው አይቀበሉም። «ልማር አይደለም የመጣሁት፤ ልጠብቃችሁ ነው» ይላሉ። ሐያት ስትሠራ ከአጠገቧ ወንበር ስበው እጅ እጇን ያያሉ። ውሃ ልንቀዳ ስንወጣም ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው፤ ክራቸውን ይዘው።

እንዲህ ያለ ቡድን በየከተማው ልትጀምሩ ለምታስቡ የምነግራችሁ ይህን ነው። ናሙና ስትወስዱ የሚያምኗችሁን ሰዎች ብቻ ይዛችሁ አትውረዱ። የሚጠራጠራችሁን ሰው ይዛችሁ ውረዱ፣ ጠርሙሱንም እሱ ይምረጥ።