መካን የተባለችው ላማ

በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ በሐምሌ ብርድ፣ ከጆሃንስበርግ ተነስቼ ከቫል ወንዝ ማዶ ወዳለ አንድ የበግ እርሻ ተጓዝኩ። የሄድኩት አምስት ሴት ላማዎችን ለማየት ነው። ላማ የግመል ዘመድ ነው፤ አንገተ ረጅም፣ ፀጉራም፣ ኩሩ እንስሳ። የእርሻው ባለቤት ወይዘሮ ሊዝ፣ አምስቱም በተደጋጋሚ ከወንዱ ላማ ጋር ተገናኝተው አንዷም ስላላረገዘች «መካን ናቸው» ብለው ለሥጋ ነጋዴ ሊሸጧቸው ወስነዋል።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ለዶክትሬቴ የማጠናው የላማን የመራቢያ ሆርሞኖች ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የጥናት መንጋችን ተሸጦ ሥራዬ ከቆመ ዓመት ሊሞላው ነበር። ስለዚህ ደውዬ «ከመሸጥዎ በፊት አንዴ ልያቸው» ብዬ ለመንኳቸው።

«ሁለት ሳምንት እሰጥሻለሁ» አሉኝ።

መንገድ

ከምኖርበት ከትሮይቪል ሰፈር የወጣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በኤርሚያስ ባኪ፣ ማለትም በፒክአፕ መኪናው ነው። ኤርሚያስ የሆሳዕና ሰው ሲሆን ዳቬይተን ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። ያን ቀን ከጀፕስታውን ዕቃ ጭኖ ወደ ወንድሙ ሱቅ፣ በዚያው አቅጣጫ ይሄድ ነበር። ቫይረሱን ፈርተን መስኮቱን ስለከፈትን ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነበር የምናወራው።

«እህቴ፣ እውነት ለላማ ብሎ ፖሊስ ያሳልፍሻል?»

«ወረቀቱ የእንስሳት ሕክምና ይላል።»

«እኔ ሰው ሆኜ ለመኖሪያ ፐርሚት ሦስት ቀን ተሰልፌያለሁ!» ብሎ ሳቀ።

ኬላው ላይ ኤርሚያስ «ሳውቦና!» ብሎ በዙሉ ሰላምታ ሰጠ። ፖሊሱ ግን ዓይኑን ከአልትራሳውንድ መሣሪያዬ ሳጥን ላይ አላነሳም። «የላማ ሆድ ዕቃ ማያ ነው» ስለው ከማስኩ በላይ ዓይኖቹ ጠበቡ፤ እየሳቀ መሆኑ ገባኝ። አሳለፈን። ከዚያ ወዲያ የማዕድን ቁፋሮ አፈር ክምር፣ ውርጭ ያቃጠለው ቢጫ ሣርና የከሰል ጭስ ብቻ ነበር። አንድ መንደር ጋ በአሥር ራንድ ትኩስ ማጉዊኛ ገዝተን በላን። እንደኛ አገር ቦምቦሊኖ ያለ ነገር ነው።

እርሻው

በጎቹንና ላማዎቹን የሚጠብቁት ንታቴ ሞሌፌ ናቸው። ንታቴ በሶቶኛ አባባ እንደማለት ነው። ሠላሳ ዓመት በበግ ያሳለፉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ናለዲ የምትባለውን ላማ ያዙልኝና በአልትራሳውንድ አየኋት። በእንቁላል እጢዋ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነች ጥቁር ክብ ታየችኝ። ፎሊክል የምንላት፣ እንቁላሉን የያዘች ፈሳሽ የሞላባት ከረጢት ናት።

እዚያው እርሻው ላይ አርፌ በየቀኑ አየኋት፤ በአምስተኛው ቀን ክቧ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ደረሰች።

«መካን አይደለችም» አልኳቸው ወይዘሮ ሊዝን።

«ታዲያ ለምን አታረግዝም?»

ላማ እንደ ላምና እንደ በግ ጊዜዋን ጠብቃ እንቁላል አትለቅም። ፎሊክሏ አድጋ ትጠብቃለች፤ ከወንድ ጋር ስትገናኝ አንጎሏ ሆርሞን ይለቃል፣ ፎሊክሏም ትፈነዳለች። ካልተገናኘች ትከስምና ሌላ ታድጋለች። ይህንኑ ሆርሞን በመርፌ ይዤ ነበር። ልወጋት ከተነሳሁ በኋላ ግን «መጀመሪያ ሲገናኙ ልይ» አልኩ።

ወንዱ መጣ። ናለዲም በደረቷ ተኛች፤ ላማ የሚገናኘው ተኝቶ ነው። ወንዱ በጉሮሮው ማጉረምረም ጀመረ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ንታቴ ሞሌፌ በሩን ከፍተው ገቡና ወንዱን በገመድ ጎትተው አወረዱት።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ንታቴ?»

«ይበቃል፤ ይገድላታል። በግ እኮ ወዲያው ነው የሚጨርሰው። ይኼ ግን ይጫናታል፣ ይጮህባታል። ሁሌም እንዲህ ነው የማስጥላቸው።»

ወይዘሮ ሊዝ ወደ አጥሩ ቀረቡ። የላማ ግንኙነት ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ከተቋረጠም ፎሊክሏ ላትፈነዳ እንደምትችል ስነግራቸው ንታቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነበር ማለት ነው?»

«የኔም ነው። በስልክ ስለ ሆርሞን ብቻ ነው የጠየቅኩት፤ ማን እንደሚጠብቃቸው አልጠየቅኩም» አልኳቸው። ከልቤ ነበር። መርፌውን ወደ ሳጥኑ መለስኩ። ወንዱ ሲመለስ ሦስታችንም ከአጥር ውጭ ቆመን ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ንታቴ በየመሀሉ ወደ በሩ ይራመዱና ይመለሱ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጥቁሯ ክብ ስክሪኑ ላይ አልነበረችም።

«የታለች?» አሉ ንታቴ።

«ፈንድታለች። እንቁላሉ ወጥቷል።»

አሥራ ሦስተኛው ቀን

ወንዱን እንደገና አመጣንላት። ናለዲ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አረንጓዴ ምራቋን ተፋችበት። ለኔ ማስክና ለወይዘሮ ሊዝ ካፖርትም ተረፈ። ሽታው አይነገርም። ሰው የሰው ትንፋሽ በሚፈራበት በዚያ ዘመን፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሁለት ሜትር ርቀው ያናገሩኝ ሴት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ምክንያቱን ነግሬያቸው ነበርና። እንቁላል የለቀቀች ላማ ፕሮጄስትሮን የሚባለው፣ ማህፀንን ለእርግዝና የሚያዘጋጀው ሆርሞን ሲበዛባት ወንድ አታስጠጋም፤ ትተፋለች።

«ነጋዴውን አልሸጥም እለዋለሁ» አሉ።

«ናለዲን?»

«አምስቱንም።»

ቤት

የናለዲን ደም በበረዶ ይዤ ከኤርሚያስ ጋር ትሮይቪል ገባሁ። ከሁለት ቀን በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ ፕሮጄስትሮኑ ከፍ ብሏል። ማርገዟ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ቢሆንም ተስፋው እውነተኛ ነበር። ለዓመታት ሆርሞን ስለካ ኖሬ ያልተማርኩትን ያ ጉዞ አስተማረኝ፦ እንስሳን ከመመርመሬ በፊት አጠገቧ የሚውለውን ሰው ልጠይቅ።

ውጤቱን ለወይዘሮ ሊዝ ልነግር ስደውል ስልኩን ያነሱት ንታቴ ሞሌፌ ናቸው። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

«ዶክተር፣ ዛሬ ሁለተኛዋን አገናኘናት። ሃያ ስምንት ደቂቃ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጬ ነበር፣ ሁለቱንም እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ።»