የታንጉት ግራ መንጋጋ

በ1958 ዓ.ም. ዱብቲ እርሻ ላይ የጥጥ ጆንያ ሰፍተው የሚያስሩ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። አሥሩ ሁለት ሁለት እጅ ነበራቸው። አሥራ አንደኛዋ ታንጉት ነበረች።

ከወሎ ለለቀማ በወረደች በሁለተኛው ዓመት ግራ እጇን እባብ ነደፋት፤ ከክርኗ በታች ተቆረጠ። በአንድ እጅ ለቅሞ የቀን ድርሻ መሙላት አይቻልም። አገሯ ትገባለች ሲባል፣ እሷ ጆንያ መስፊያው ዳስ ገባች። መርፌውን በቀኝ እጇ ታስኬዳለች፤ ሲባጎውን በግራ መንጋጋዋ ነክሳ ታጠብቃለች። ቋጠሮዋ በቢላ ካልሆነ አይፈታም። ጥጡ በመኪና የሚሄድበት የሰርዶ መንገድ ጎርባጣ ነው፤ የላላ ጆንያ ጥጡን ይተፋል። ሾፌሮቹ ሲጭኑ «ታንጉት የነከሰችውን ከታች አድርጉ» ይሉ ነበር። ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የታችኛው ነው።

ስለዚህ ለመንጋጋዋ ትሳሳ ነበር። ቢላ በሞረድ ብዛት እንደሚያልቅ፣ ጥርስም በመፋቂያ ብዛት ያልቃል ብላ አሰበች። ከፊትና በቀኝ በኩል ትፍቃለች፤ ግራውን መፋቂያ አታስነካውም። እርሻው በር ላይ መፋቂያ የምትሸጠው ሀምዳ ይህን አየች።

«ግማሽ አፍሽን ለማን ትተሽው ነው?»

«ለሥራ።»

«ለትል ነው እንጂ!»

ታንጉት ሳቀች። ስኳር የበዛበትን ሻይዋን ጠጥታ ወደ ዳሱ ተመለሰች።

በጥር፣ ለቀማው ሊያበቃ ሲል፣ ጉንጯ አበጠ። ሲባጎ ስትነክስ ዓይኗ ይጨልማል። ያሰረቻቸው ሁለት ጆንያዎች ተፈቱ። የዳሱ ኃላፊ ካቦ አስፋው አዘነላት፤ ያናደዳትም ይኸው ነው።

«የውሃ በርሜሉ ጋ ቁጭ በይ። ለሠራተኛው መቅዳት ነው፤ በአንድ እጅ ይሆናል።»

«ውሃ ልቀዳ አልመጣሁም፣ ካቦ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ መኪና ይመጣል። ያሰርሽውን አያለሁ። ከተፈታ በርሜሉ ጋ ነሽ።»

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ክሊኒክ ሄደች። ድሬሰሩ እሸቴ አፏን በባትሪ አየ።

«እትዬ ታንጉት፣ በዚህ በኩል ፍቀሽ ታውቂያለሽ?»

«እንዳያልቅ ብዬ ተውኩት።»

«ያለቀው ስለተውሽው ነው። ስኳሩና ፍርፋሪው ተቀምጦ በላው፤ ሲባጎው ሰነጠቀው። ሁለቱ ይነቀላሉ።»

«እንጀራ የምበላው በነዚህ ነው!»

«እንጀራማ ሰው ሁሉ በጥርሱ ነው የሚበላው።»

ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቁ አመማት። «ቀኙስ?» አለች።

እሸቴ ባትሪውን አዞረ። «ቀኙ እንደ አለት ነው። ስትፍቂው ኖረሻላ።»

«እንግዲያው ግራውን ይንቀሉት።»

በጉጠት ነቀላቸው። ቁስሉ እስኪሽር በግራ ምንም እንዳትነክስ አስጠነቀቃት።

ሲባጎውን በቀኝ መንጋጋዋ መንከስ ጀመረች፤ ግን መርፌውም ጥርሱም በቀኝ ሲሆኑ ሲባጎው መውጫ ያጣል። ረቡዕ ከንፈሯን ቆረጠው። ሐሙስ ከመርፌው ጋር ተጠላልፎ አንድም ጆንያ ሳትጨርስ ዋለች። በርሜሉ ከዳሱ በር ላይ ይታያታል። ዓርብ ነገሩ ገባት። ጆንያውን ዞራ ከወዲያ ማዶ ቆመች፤ ከግራ ወደ ቀኝ መስፋት ስትጀምር ሲባጎው መውጫ አገኘ። እንደዚያ የሚሰፋ ሰው ዳሱ ውስጥ አልነበረም።

ቅዳሜ ካቦ አስፋው ከጆንያዎቿ አንዱን መኪናው ላይ አስወጣና በተሰፋው አፉ በኩል ወደ መሬት አስወረወረው። ሰፊዎቹ ሥራ አቁመው ያያሉ። ጆንያው ነጥሮ ተንከባለለ። ቋጠሮው አልተነቃነቀም። ካቦው ጎንበስ ብሎ በአንድ እጁ ሞከረ፣ ከዚያ በሁለቱ።

«በሁለት እጅም አይፈታም፣ ካቦ» አለች ታንጉት።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ካቦውም ሳቀ።

«ይሄኛው ጎን ሲያልቅስ?»

«አያልቅም። አሁን የሚጨርሰውን ሞረድ አውቄዋለሁ፤ መፋቂያው አይደለም።»

ባዶ እጅጌዋን አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ነበር። ከእጥፋቱ ውስጥ የሀምዳ መፋቂያ ብቅ ብሏል። ሾፌሩ የወደቀውን ጆንያ አስነሳና ከታች አስደረገው።