ሞተሩ ላይ የቀረው የያቤፅ እጅ

ጋሼ ብርሃኔ እሪ በከንቱ ሠፈር ውስጥ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተዋል፤ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ፒያሳ። ጉልበታቸው ሲደክም መኪናዋን ከሥራ አውጥተው ግቢው ውስጥ ካለው የኮክ ዛፍ አጠገብ አቆሟት። ዛሬ የምታገለግለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባለቤታቸውን እትዬ ምብራትን። እትዬ ምብራት ኩላሊታቸውን ስለሚያማቸው በየሳምንቱ ሕክምና ይመላለሳሉ። ከዚያ ሲወጡ ጉልበት አይኖራቸውም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ታክሲ መጠበቅ የማይታሰብ ነው።

ድሮ ጋሼ ብርሃኔ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ሲያጸዱ ላያቸው ሕፃን የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር። ልጃቸው ያቤፅ ከሞተ ወዲህ ግን ተዉት። ዘይትና ውኃውን አይተው ቶሎ ይዘጉታል። እኛም ሐዘኑ እጃቸውን ያሰረው መስሎን ዝም አልን።

በቅርቡ እትዬ ምብራትን ከሕክምና ሲመልሱ ምኒልክ አደባባይ ላይ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። እንደ ምንም ግቢ አስገቧትና የሠፈሩን መካኒክ ኢህሳንን ጠሩት። ኢህሳን ኮፈኑን ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ ሲያር የከረመ የሽሮ ድስት?"

ጋሼ ብርሃኔ አልሳቁም።

"ዘይት እየወረደ የጋለው ቱቦ ላይ ይንጠባጠባል" አለ ኢህሳን ቀልዱን ትቶ። "ከየት እንደሚወርድ ግን በዚህ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ አይታይም። መታጠብ አለበት። እስከዚያ እትዬን ይዘው እንዳይወጡ፤ በእሳት አይቀለድም።"

"አጥበዋለሁ። የላዩ ክዳን ግን ይቅር።"

"እንዴት ይቅር? ፊቱን ታጥቦ አፍንጫውን የሚተው ሰው አለ እንዴ?"

ጋሼ ብርሃኔ ወደ ቤታቸው በር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ና፣ እየው።"

በሞተሩ ክዳን ላይ፣ በደረቀው ቅባት መካከል፣ የሰው እጅ ታትሞ ነበር። አራት ጣትና የመዳፍ ጠርዝ። ያቤፅ ሊታመም ሰሞን ለአባቱ ካንዴላ ሲቀይር የተደገፈበት ነው። ኢህሳን ኮፍያውን አወለቀ።

"አላወቅሁም፣ ጋሼ።"

"ምብራትም አታውቅም" አሉ ጋሼ ብርሃኔ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈቱ። ዲናሞውን፣ አየር የሚገባበትን አፍና ውኃ የማይወዱትን የኤሌክትሪክ ክፍሎች በፌስታል ሸፍነው በላስቲክ አሰሩ። የውኃ ቱቦ አልነኩም፤ ግፊት ያለው ውኃ የማይገባበት ይገባል ይላሉ። ኢህሳን "በቤንዚን ቢያጥቡት ቶሎ ይለቅ ነበር" ሲላቸው "እሳት ፈርተህ እሳት ታቀብለኛለህ?" ብለው ተቆጡት። ሳሙና በጥብጠው በብሩሽ እየፈተጉ፣ በትንሽ በትንሹ እያለቀለቁ፣ በጨርቅ እያደረቁ ዙሪያውን አጸዱ። እጁ ያለበት ክዳን ብቻ እንደ ደሴት ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ኢህሳን በባትሪ መብራት ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

"ከክዳኑ ሥር ነው፣ ጋሼ። ክዳኑን የሚያሽገው ጎማ አልቋል። ለመቀየር ክዳኑን መክፈት አለብኝ። ሳይታጠብ ከከፈትኩት ደግሞ ቆሻሻው ውስጥ ይገባና ሞተሩን ይጨርሰዋል።"

ጋሼ ብርሃኔ ብሩሹን እንደያዙ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"በስልኬ ላንሳልዎት?"

"ፎቶማ ግድግዳው ሙሉ አለኝ። የሌለኝ እጁ ነው።"

እትዬ ምብራት ግድግዳውን እየተደገፉ የወጡት ይህን ጊዜ ነው። "ምን ሆናችሁ ነው ዝም ዝም ያላችሁት?" ብለው መጡና ጎንበስ አሉ። ማንም ምንም አልነገራቸውም። መዳፋቸውን ከቅባቱ በላይ ዘረጉ፤ አልነኩትም።

"ግራ እጁ ነው" አሉ። ወደ ባለቤታቸው ዞር ብለው "ብሬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ስታየው ነበር?"

"ደግመሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው።"

"መቼ አቆምኩና?"

ጋሼ ብርሃኔ ከበርጩማው ተነሡ። "መኪናዋ ትቅር፣ በሰው መኪና እንሄዳለን" አሉ። እንደማይሆን ግን ሁለቱም ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ መኪና ሲጠብቁ እትዬ ምብራት አስፋልት ላይ ወድቀዋል።

እትዬ ምብራት ወደ ቤት ገብተው እንግዳ እጁን የሚታጠብበትን ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዘው ተመለሱ። ሳህኑን ለኢህሳን ሰጡትና ከክዳኑ ጠርዝ ሥር አስያዙት።

"እኔ አስታጥበዋለሁ፤ አንተ እሸው" አሏቸው ባለቤታቸውን።

ምግብ ሊቀርብለት የተቀመጠን ሰው እንደሚያስታጥቡ ቀስ አድርገው አፈሰሱ። ጋሼ ብርሃኔ ብሩሹን አስቀምጠው በባዶ እጃቸው፣ በሳሙና፣ ጣት በጣት አሹት። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ሄደች። መዳፉ መጨረሻ ላይ ነው የለቀቀው። የግቢው ሰው ሁሉ በየበሩ ቆሞ ነበር።

ኢህሳን ጥቁሩን ውኃ ይዞ ወደ በሩ ሲራመድ እትዬ ምብራት "ወዴት ነው?" አሉት።

"ቦዩ ውስጥ ልድፋው ብዬ ነው፣ እትዬ።"

"ሰው ሁሉ የሚረግጠው ቦታ? አይደረግም።"

ጠበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ እሳቸው ይህንንም እንደዚያ አዩት። ከኮኩ ዛፍ ሥር ይደፋ ብለው ሲያመለክቱ ጋሼ ብርሃኔ "ዘይት አለበት፣ ያደርቀዋል" አሉ። ቀድሞም የሞተር እጣቢያቸውን በጀሪካን አጠራቅመው ለኢህሳን ነበር የሚሰጡት። አሁንም ጀሪካን አምጥተው ገለበጡበት፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርገው ዘጉት።

ጎማው ተቀየረ። ፌስታሉ ተነሣ፣ ሁሉም በደንብ ደረቀ፣ የባትሪው ገመድ ተመለሰ፤ መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ጭስ የለም። ለቀጣዩ ሕክምና ሁለቱ ከፊት ተቀምጠው ወጡ።

ኢህሳን የተቃጠለ ዘይት ሊሰበስብ በመጣ ቁጥር ያቺን ጀሪካን ከባልና ሚስቱ አልጋ አጠገብ ያያታል። አንድ ጊዜ "ላውጣላችሁ እንዴ?" ብሎ ጠይቆ ነበር።

"ትቆይ" አሉ እትዬ ምብራት።

ከዚያ ወዲህ አልጠየቀም።