አባቴ ስለ ሱቁ መንገድ የተናገሩት

ባለፈው ሳምንት ኢየሩሳሌም፣ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ከባቡር ወርጄ ወደ ቤቴ ሳዘግም፣ አዲስ ከፈሰሰ አስፋልት የሚነሣው ትኩስ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ጥጉ ላይ አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ ቆማ፣ የሱቆቹ መንገድ እንዴት ቢሻሻል እንደምንወድ አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። እኔንም በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። «ሃኮል በሴደር፣ ሁሉም ደህና ነው» አልኳትና አለፍኩ። አሥር እርምጃ ሳልሄድ ፊቴ ጋለ። ያንን መልስ ከዚህ በፊትም ሰጥቼዋለሁ፤ ያኔ ግን የሰጠሁት በራሴ ስም አልነበረም።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው እዚሁ ኢየሩሳሌም፣ በከተማው ሌላኛው ዳር፣ ዳገት ላይ በተሠራ ሰፈር ሲሆን፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ተነሥቶ እስከ ላይኞቹ ሕንፃዎች የሚወጣ አንድ የሱቅ መንገድ ነበረን። የዳቦ ቤቱ የሰሊጥ ሽታ፣ ከአትክልት ሻጩ ደጃፍ የፈረጠው ሐብሐብ፣ የጫማ ሰፊው ማስቲሽ እየተቀባበሉ ሽቅብ ይሸኙናል። እኔ ያንን ዳገት እየሮጥኩ ነበር የምወጣው። የሰፈራችን አሮጊቶች ግን ዓርብ ዓርብ ከማሃኔ ይሁዳ ገበያ ዘንቢላቸውን ሞልተው ሲመለሱ፣ እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ያጥራቸውና የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ይላሉ። መድኃኒት ሻጩም ብቅ ብሎ በእጁ ምልክት ያስነሣቸዋል። ከሁሉ ቀድመው የሚደክሙት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ ነበሩ።

አባቴ ጎንደር ሳሉ ሰው ሲጣላ የሚጠሩ፣ ተናግረው የሚደመጡ ሰው ነበሩ። እዚህ መጥተው የትምህርት ቤት ግቢ ሲጠርጉ ግን ከሰላምታ አልፎ የሚያናግራቸው አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቀን ከፖስታ ሣጥናችን ያገኘሁትን፣ ስለ ሱቁ መንገድ የነዋሪው አስተያየት ይፈለጋል የሚል ጥሪ ሳነብላቸው፣ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እኛንም ነው የጠየቁ?» አሉኝ።

«ሁሉንም ሰው ነው፣ አባዬ።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም። ከሥራ ሲመለሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ሽማግሌዎቹን ጠየቁ፤ መንገዱን ወጥተው ወርደው ጥላው በየሰዓቱ የት እንደሚያርፍ አዩ፤ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆመው በክንዳቸው ሲለኩ ታክሲ ጡሩንባ ነፋባቸው፣ እሳቸውም ሰላም ያላቸው መስሏቸው አጸፋውን መለሱ።

ስብሰባው ከሰዓት በኋላ ማትናስ በሚሉት የሰፈሩ ማእከል አዳራሽ ነበር። አባቴ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው መጡ። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች ባንዱ ላይ፣ በዚያው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ለልደቷ የጠራችኝ የክፍሌ ልጅ ሺራ ከእናቷ ጋር ተቀምጣለች።

ተራቸው ሲደርስ አባቴ ተነሡ፤ አስተርጓሚያቸው ነበርኩና እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። እንደ ወጉ ግራና ቀኝ እጅ ነሥተው፣ ሰብሳቢዋን መርቀው፣ የመጡትንም ያልመጡትንም ባርከው እስኪጨርሱ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ወደ ነገራቸው ገቡ።

«ዳገቱ እኩሌታ ላይ መቀመጫ ይሁን፤ ዛፍም ይተከልበት። ደክሞት የሰው ደረጃ ላይ የተቀመጠ ሰው ሌባ ይመስላል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሰፈሩ ሰው ነው።»

ዛሬ ያንን በየትኛውም ቋንቋ ብናገረው እኮራበታለሁ። ያኔ ግን የሰማሁት ሳቁን፣ ያየሁት የሺራን ዓይን ብቻ ነበር። አባቴ ትንፋሽ ወስደው እንድተረጉም ጠበቁኝ።

«ቶዳ ራባ፣ በጣም ያመሰግናል፤ ሁሉም ደህና ነው ይላል» አልኩ በዕብራይስጥ።

አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ለጭብጨባው ጎንበስ ብለው ተቀመጡ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ዕብራይስጥ እንዴት ያለ አጭር ቋንቋ ነው» አሉ።

በዓመቱ መንገዱ ታደሰ። መብራት ቆመ፣ ድንጋይ ተነጠፈ፣ የአበባ ገንዳ ተደረደረ፤ መቀመጫ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጥተው «ምነው፣ አልነገርካቸውም እንዴ?» ሲሏቸው፣ አባቴ «ተናግሬያለሁ፤ ረስተውት ይሆናል» ይላሉ። እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ቀና አልልም። እማማ ብርቄ በዚያው ክረምት ገበያ መውረዱን ተዉት፤ ከዚያ ወዲያ የማያቸው በመስኮት ነበር።

እውነቱን የተናዘዝኩት እኔም ልጆች ካሳደግሁ በኋላ ነው። የስግድ በዓል ዕለት፣ አርሞን ሃናጺቭ በሚሉት ኮረብታ ላይ ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን፣ አባቴ ከተማዋን ቁልቁል እያዩ አረፍ ብለው ሳሉ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ቶዳን የማያውቅ ማን አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፊትሽን አየሁት። ገና የምናገረው ነበረኝ፤ አፍረሽብኝ ሳይ ግን ተቀመጥሁ።»

ቀሪው ምን እንደነበር ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ረሳሁት፣ ልጄ» አሉ።

አባቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። እዚህ አገር በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ሲናገሩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በሠርጌ ዕለት እንኳ ተነሥተው ይናገሩ ሲባሉ፣ «አንቺ ተናገሪ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ» አሉኝ። ያለ ምንም ቂም ነው ያሉት። እኔም ተነሥቼ ተናገርኩ።