የጌታሁን መስኖ

የውሃ አባትነትን የጀመርኩት ጭቃ ውስጥ ተዘርሬ ነው። ከዓለም ከተማ በታች ባለው ቆላችን፣ ከወንዝ የተጠለፈውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል ሰው የውሃ አባት ይባላል። በመጀመሪያው ቀን የቦዩን አፍ በአካፋ ስከፍት ዳሩ ተንዶ ይዞኝ ወረደ። ሥራውን የሚያስረክቡኝ አያ ተሰማ ከላይ ቆመው ሳቁብኝ።

«ተነሣ እንጂ! የምናጠጣው ሽንኩርቱን ነው፣ አንተን አይደለም» አሉኝ።

ከዚያ ወጉን አስተማሩኝ። ውሃ ከመልቀቄ በፊት የባለተራውን ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። እሱ ወይም ቤተሰቡ «አለሁ!» ሲል እለቃለሁ። ባለተራው ከሞተ ቤተሰቡ «ይለፍ» ይላል፤ የዚያን ቀን ውሃ ለሚቀጥለው ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ በወራሹ ስም ይጠራል። ከቤተሰቡ በቀር «ይለፍ» ማለት የሚችል የለም።

በደርግ ጊዜ ከግብርና ጣቢያ አንድ ወጣት እየመጣ ስለ መስኖ ያስተምረን ነበር። ጥሩ ልጅ ነበር፣ ቦይ ስንጠርግ ሱሪውን ሰብስቦ አብሮን ይገባል። መስኖ ማለት የወንዝን ውሃ ጠልፎ በቦይ ማሳ ላይ ማድረስ ነው አለን። ልክ ነው። ክረምቱ ያጠጣው መሬት መስኖ አይባልም፣ በእንስራ ተሸክመው ያጠጡት ጓሮም አይባልም። በእኛ አነጋገር ግን «እገሌ መስኖ አለው» ከተባለ ተራ አለው፣ ስሙ ይጠራል ማለት ነው።

ጌታሁን መስኖ ነበረው። የእትዬ የሺ አንድ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሐል አፍሰው ወሰዱት፣ ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ፣ በቃ። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። እኔ «ጌታሁን!» ስል እናቱ ከማሳው ዳር «አለሁ!» ይላሉ። ድምፃቸው ከጎረምሳ ይበልጥ ነበር።

አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቦዩ ድረስ መጣ።

«እትዬ የሺ፣ የሌለ ሰው ስም እስከ መቼ ይጠራል? በእርስዎ ስም ይዙርና ይገላገሉ። አለዚያ ውሃው ለማኅበሩ እርሻ ይገባል።»

«በስሜ ይዙር? ልጄን በአፌ ልግደለው?» አሉት።

ወደ እኔ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠራው። ትእዛዝ ነው።»

ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። በዚያ ዘመን በትእዛዝ ላይ የተከራከረ የት እንደሚያድር አይታወቅም። በሚቀጥለው ተራ ሊቀመንበሩ አጠገቤ ቆሞ ሳለ የጌታሁንን ስም ዘልዬ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን በላቸውን ጠራሁ። የበላቸው በርበሬ ጠውልጎ ነበር፤ ውሃው ለእሱ ነፍስ ነው። «አለሁ» ግን አላለም።

«በላቸው!» አልኩ ደግሜ።

«ጌታሁንን ሳትጠራ አልመልስም» አለና ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። ውሃው ወደ ወንዙ ሲመለስ ሊቀመንበሩ አየ፣ ተሳደበ፣ ሄደ። ያኔ ጌታሁንን ጠራሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ በኋላ ሊቀመንበሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጦርነቱ ግን የሰፈሩን ልጆች መብላቱን ቀጠለ። የመንግሥቱ ማብቂያ ሲቃረብ ከግንባር የተረፉ ወታደሮች በእግራቸው ይመለሱ ጀመር። አንደኛው በእኛ በኩል ሲያልፍ እትዬ የሺ ቤት ገብቶ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ምን እንደነገራቸው አላወቅንም።

በማግስቱ ተራቸው ነበር። እትዬ የሺ ከማሳው ዳር ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አየሁት፤ ልቤ ግን እንቢ አለ።

«ጌታሁን!» አልኩ።

ገበሬው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ደግሜ ጠራሁት፣ አላስችል ብሎኝ።

«ይለፍ» አሉ።

አካፋውን ተደግፌ ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸው ናቸው የቀሰቀሱኝ፦ «ልቀቀው እንጂ ልጄ፣ የበላቸው በርበሬ ይጠብቃል።»

«በላቸው!» ብዬ ጠራሁ፤ «አለሁ!» ሲል ለቀቅኩት። በላቸው ግን ውሃው ማሳው ሲገባ አላየም፣ እትዬ የሺን ደግፎ ወደ ቤት ይወስዳቸው ነበር።

አሁን አርጅቼ ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቤአለሁ። ስሰጠው የነገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ ስም ሳትጠራ ውሃ አትልቀቅ፤ ከጠራህም መልሱን ጠብቅ።