የሌላ ሞተር ሾክ

ባሌ ከሞተ ወዲህ ሞተር ሳይክሉን ያልተመኘ ዘመድ የለም። እኔ ግን ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ሞተሩ ከሌለ በየማለዳው የሚያደርሰኝ የለም። መንዳት ያስተማረኝ ባሌ ራሱ ነው፤ ጉበቱ እንደማይድን ባወቀ ጊዜ፣ ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ፣ እየጮኸብኝ። ጥቁር ቀሚሴን ከሱሪ በላይ ሰብስቤ ስነዳ ሴቶቹ ከየደጃቸው ያፈጡብኛል። ያፍጡ።

መንገጫገጩን የሚውጠው የኋላው ሾክ ዘይት መትፋት ጀመረ። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር መቀመጫው ወርዶ ከብረት ይጋጫል። ሞጣ ጋራዥ ያለው የባሌ ታናሽ ወንድም "አምጪው፣ እሠራዋለሁ" አለ። በለቅሶው ሰሞን "ሞተሩ ለቤተሰቡ ይመለስ" ብሎ ሽማግሌ ፊት የተናገረው እሱ ነው። የቢቸና ሠሪዎች ዕቃው የለም ብለው ባይመልሱኝ ደጁን አልረግጥም ነበር። ወስጄ ትቼለት በመኪና ተመለስሁ።

ቅዳሜ ልወስደው ስሄድ ሞተሩ ግቢው መሃል ቆሟል፤ ኋላው ሽቅብ ተነሥቷል። ወጣሁበት። የጫማዬ ጫፍ እንኳ መሬት አልነካም። ልወድቅ ስል መሪውን ያዘልኝ።

"ምን አደረግኸው?"

"አሻሻልሁት እንጂ! የራሱ ሾክ ገበያ ላይ የለም። ይሄ የሌላ ሞዴል ነው፤ ረዘም ይላል፣ ጠንካራ ነው። ሁለት ኩንታል ብትጭኚበት ንቅንቅ አይልም።"

"እኔ ኩንታል ነኝ?"

"አንቺማ ላባ ነሽ።" ሣቀ። "እትዬ፣ ካልደረስሽበት ተይው። እኔ ልያዘው፤ አንቺ በባጃጅ ሂጂ።"

ባጃጅ እዚያ ትምህርት ቤት ድረስ እንደማይገባ ያውቃል።

"እስከ ዛሬ በምን ስሄድ ነበር?"

"ሰምተናል። መንዳትሽ ሞጣ ድረስ ተወርቷል።"

"ይወራ። ለማን እግር ነው የገጠምኸው? ለራስህ?"

ሣቁ ቆመ። መፍቻውን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

"ለሱ ነው" አለ። "አልጋ ላይ ሳይውል 'ያን ረጅሙን ፈልግልኝ' ብሎኝ ነበር። አሁን ሲገኝ ጊዜ ገጠምሁት።"

ይህን ስሰማ ሆዴ የባባ እንዳይመስላችሁ። በሁለቱም ተናደድሁ። አንዱ ለእኔ ሳይነግረኝ አዝዞ ሞተ፤ ሌላው በሞተ ሰው ቁመት ሠርቶ እኔን አየር ላይ አንጠለጠለኝ።

"እሱ ከእንግዲህ አይነዳም" አልሁት። "የምነዳው እኔ ነኝ። አውልቅና አሮጌውን መልስ።"

"አሮጌው አልቆለታል። ወገብሽን ይሰብረዋል።"

"የኔ ወገብ ነው።"

"ወንድሜን የገደለው ይሄ ግትርነትሽ ነው።"

ፈትቶ እስኪጨርስ ከፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እያንዳንዱን ብሎን ቆርቆሮ ላይ ይወረውረዋል። አሮጌውን ሲያስር ቀና ብሎ አላየኝም። አዲሱን ሾክ ሰው እንዳይነካበት አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባው። እኔም አስነሥቼ ወጣሁ።

የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በአከርካሪዬ ተቀበልሁት። ደብረ ወርቅ ላይ ወርጄ፣ ዛፍ ተደግፌ ባሌን ሰደብሁት። ረጅሙን ሲያዝዝ እኔ የምቀመጠው ምን ላይ መስሎት ነበር?

ቤት እንደገባሁ ስልኬ ጮኸ።

"ደረስሽ?"

"ምን አገባህ።"

"አጠር ያለ ሲገኝ..."

"ሲገኝ በእኔ ቁመት ትገጥማለህ" ብዬ ዘጋሁት።

እሑድን ተኝቼ ዋልሁ። ሰኞ በዚያው ሞተር ትምህርት ቤት ሄድሁና ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተማርሁ፤ መቀመጥ አልቻልሁማ።