ከማዶ የመለሰው ጉሬዛ

ጉሬዛ የሚቆጠረው በዓይን ብቻ አይደለም፤ በጆሮም ነው። ሊነጋጋ ሲል አውራው ያጓራል፤ ሌላ መንጋ ካለ የዚያኛው አውራ ይመልሳል። እኛ ቆጣሪዎቹም የተቀዳ ድምፅ በስፒከር እያጫወትን መልሱን እናዳምጣለን። ወደ ቡሌ ከተማ ሲወጣ ባለው አንድ ጫካ ግን ሰሞኑን ሁሉ ዝም ነበር።

ያ ጠዋት የቆጠራችን የመጨረሻ ነበር። ጫካው የአንድ ሽማግሌ ነው። ልጆቻቸው ለዛፉ ገዢ አምጥተዋል፤ እሳቸው ደግሞ «ጉሬዛ ካለ አይነካም፣ ከሌለ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። እንግዲህ ፈራጁ የእኛ ጆሮ ነው። እንዲህ ያለ ፍርድ አልወድም።

እኔ በወዲህ ጋራ፣ ባልደረባዬ በወዲያኛው፤ መሐላችን ጉም የሞላው ሸለቆ ነው። ኔትወርክ የለም። ስፒከሬን ከፈትኩ። ድምፁ አጓርቶ ጸጥ አለ።

ከማዶ መለሰ።

እንባዬ መጣ። ደግሜ አጫወትኩ፤ ደግሞ መለሰ። ቀጥሎ ግን ደስታዬ ፍርሃት ሆነ። ድምፁን አወቅኩት። መጨረሻው ላይ እንደ ሳል ይቆራረጣል። ከዓመታት በፊት እዚሁ የቀዳሁት ያረጀ አውራ ነው፤ ኋላ ሞቶ ያገኘሁትም እኔው ነኝ።  ያም ሆኖ እጄ ቁልፉን ተጫነ፤ እሱም መለሰ።

ጉሙ ሲገፈፍ ባልደረባዬ እየሮጠች መጣች።

«ሰማሽው? ስንቴ መለሰልኝ መሰለሽ!»

«ላንቺ?» አልኳት። ስፒከሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ተራው የእኔ ነበር፤ እሷ ማዳመጥ ብቻ ነበረባት። ግን ዋዜማውን የእኔ ስፒከር ዝናብ ገብቶት እንደተበላሸ ታውቃለች። በሽማግሌው ምድጃ ዳር አድርቄ እንዳስነሳሁት አልሰማችም። ስለዚህ በሁለታችንም ስፒከር የተጫነውን ያንኑ የድሮ ቅጂ በእኔ ፈንታ አጫወተች። ጠዋቱን ሙሉ አንድ የሞተ ጉሬዛ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ኖሯል።

ሽማግሌው ጫካው ጥግ ቆመው ጠበቁን፤ ፊታቸው በርቷል።

«ሰማሁ እኮ! ጉሬዛ አለ። ልጆቼን ገዢውን አሰናብቱ አልኳቸው።»

«አባባ፣ የእኛው ስፒከር ነው» አልኳቸው። ስናገረው ልቤ ደማ።

ስፒከሬን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ «እስቲ ክፈቺው» አሉ። ከፈትኩላቸው።

«እሱ ነው፣ ያ ያረጀው አውራ። ድገሚ።» ጆሯቸውን ወደ ዛፎቹ ሰጡ።

ደገምኩላቸው። ጫካው አልመለሰም። ሽማግሌው ቃላቸውን ሊጠብቁ ወደ ቤታቸው ዞረው ልጆቻቸውን በየስማቸው ተጣሩ። ልጆቹ ወዲያው መለሱ።